ማክሰኞ ጠዋት ሳይበላ የሚሄደው ልጅ፦ በሰፈር ዕድር 50 ተማሪዎችን ቁርስ የማብላት አሠራር

በየሰፈሩ ደግ ሰው አይጠፋም። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ቦርሳ ይታደላል፣ ለፋሲካ ዶሮ፣ ለአረፋ ሥጋ ይከፋፈላል። ማክሰኞ ጠዋት ግን በዓል አይደለም፤ ያን ቀን ባዶ ሆዱን ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ ክፍል የሚገባው ልጅ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቱን ዴስኩ ላይ ያስደግፋል፣ ሦስተኛው ላይ ያንቀላፋል። ደብተር ስላለው አይነቃም።

ይህ መመሪያ ለዕድሮች፣ ለጽዋ ማኅበራት፣ ለመስጊድ ጀመዓዎችና ለሰፈር ወጣቶች ማኅበራት ነው። ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ 50 ልጆችን በሳምንት 5 ቀን ቁርስ ማብላት እንዴት እንደሚጀመርና እንዴት ሳይቋረጥ እንደሚዘልቅ ያሳያል። 50 ያልነው አንድ ባለ 30 ሊትር ድስት፣ ሁለት አብሳዮችና አንድ አዳራሽ የሚችሉት ቁጥር ስለሆነ ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ሦስተኛ ሰውና ሁለተኛ ምድጃ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ወር ከ20 ልጅ በላይ አትቀበሉ።

1. መጀመሪያ ክፍተቱን እዩ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎች በትምህርት ቀን ይመገባሉ። እዚያ ያላችሁ ሌላ የቁርስ ድስት አትጣዱ፤ ቅዳሜና እሑድን፣ ክረምቱን፣ ትምህርት ቤት ያልደረሱ ታናናሾችን ተመልከቱ። በሌሎች ከተሞች ደግሞ አንዱ ትምህርት ቤት ምገባ ኖሮት ጎረቤቱ የማይኖረው ብዙ ጊዜ ነው። ስለዚህ በእግር የሚደረስባቸውን ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ምገባ አለ ወይ? በሳምንት ስንት ቀን? ለየትኞቹ ክፍሎች? ባለፈው ዓመት ስንት ወር ተቋርጦ ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። በወረቀት ላይ ያለና በድስት ውስጥ ያለ ምገባ የሚለየው በእሷ ነው።

ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ የጠዋትና የከሰዓት ልጆችን ለዩ። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ጠዋት ቢበላም 7:00 ሰዓት ላይ ተርቦ ነው የሚገባው፤ ለእሱ 5:30 ላይ ማብላት ይሻላል።

2. ልጆቹን መምረጥ፣ ሳያሳፍሩ

ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው። ማስታወቂያ ለጥፎ «ችግረኛ ልጆች ይመዝገቡ» ማለት ሁለት ጉዳት ያመጣል። በጣም የተቸገረችው እናት አፍራ ትቀራለች፤ የመጣው ልጅ ደግሞ በሰፈሩ ስም ይወጣለታል። ስም ከወጣለት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተርቦም ቢሆን አይመጣም።

ከዚያ ይልቅ ከሦስት ቦታ ስም ሰብስቡ። አንደኛው የክፍል ኃላፊ መምህራን ናቸው። «ድሀ የሆነውን ንገሩን» አትበሏቸው፤ የሚያዩትን ጠይቋቸው፦ በዕረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃ ሲከፈት ክፍል ውስጥ የማይቀር ማን ነው? በገበያ ቀን ሁልጊዜ የሚቀር ማን ነው? ጠዋት የሚያንቀላፋው ማን ነው? ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት፤ ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን ምን እንደሚበላ ታውቃለች። ሦስተኛው የራሱ የዕድሩ መዝገብ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት አባወራ ወይም እማወራ የሞተበትን ቤት፣ መዋጮውን ለመክፈል ያቃተውን ቤት መዝገቡ ይነግራችኋል። መዋጮ አቅቶት ከዕድር የወጣ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታይ ነው።

ከሦስቱ ምንጮች ቢያንስ በሁለቱ የተጠራ ስም በቤት ጉብኝት ይረጋገጥ። ሁለት ሰው ይሂድ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ወረቀት ይዛችሁ አትግቡ፣ ጓዳ አትመልከቱ። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «እትዬ፣ ልጆች ከትምህርት በፊት የሚያጠኑበት ቤት ከፍተናል፤ ቁርስም አለ። ልጅዎ ቢመጣ ደስ ይለናል።» አብዛኛዋ እናት የቀረውን ራሷ ታወራችኋለች። የሰማችሁትን ከወጣችሁ በኋላ ጻፉት።

ዋናው ዘዴም እዚሁ አነጋገር ውስጥ አለ። ቤቱ የጠዋት ጥናት ቤት ይባል፣ እውነትም ይሁን፦ ወንበር፣ መብራት፣ የቤት ሥራ የሚያግዝ አንድ የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ከ50ው ቦታ 5ቱን ወይም 6ቱን ለዕድሩ አመራሮችና ለአብሳዮቹ ልጆች ተዉ። በአንድ ማዕድ የሁሉም ልጅ ከተቀመጠ ማንም ማንን «የምጽዋት ልጅ» አይለውም። የተለየ ቲሸርት፣ ካርድ፣ ባጅ አታድርጉ።

በጉብኝቱ ከ5 ዓመት በታች የሆነ የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ታናሽ ካያችሁ ቁርስ መፍትሔው አይደለም። ጤና ጣቢያ ክንዱ ይለካ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ሕፃን የክንድ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መጎዳቱን፣ ከ11.5 በታች ከሆነ በጣም መጎዳቱን ያሳያል። የእግር እብጠት ካለ ልኬት ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ውሰዱት።

3. ገንዘቡና ወረቀቱ

የአንድ ወሰነ ትምህርት ወጪ ሙሉ በሙሉ ባንክ ሳይገባ አትጀምሩ። ሦስት ወር በልቶ የተቋረጠበት ልጅ ካልጀመረው ይልቅ ይጎዳል፤ እናቱ የጠዋቱን ብር ለሌላ ነገር መድባዋለችና።

በጀቱን በብር አትጀምሩ፤ ዋጋ በየወሩ ይለወጣል። በኪሎ አስሉ፣ በገበያው ቀን ዋጋ አባዙ፣ ከዚያ በላዩ አንድ አምስተኛ ጨምሩ። በ40 ሳምንት፣ ማለትም በ200 የትምህርት ቀን፣ ከታች ባለው የምግብ ዝርዝር መሠረት ለ50 ልጅ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቅንጬ 280 ኪሎ፣ ለንፍሮ ስንዴ 100 ኪሎና ሽንብራ 60 ኪሎ፣ ሽሮ 50 ኪሎ፣ ኦቾሎኒ 60 ኪሎ፣ ዘይት 70 ሊትር፣ እንጀራ 1,000፣ ዳቦ 2,000፣ እንቁላል እስከ 2,000። በዚህ ላይ ሽንኩርት፣ ብርቱካን፣ ማገዶ፣ ውሃ፣ ሳሙናና የአብሳዮች ደመወዝ አለ። ደመወዙን አትርሱ። በነጻ የምታበስል እናት ለሁለት ወር ትመጣለች፤ ሦስተኛው ወር ላይ የራሷ ጉሊት ይጠራታል፣ ትክክልም ናት።

የባንክ ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ይከፈት፣ ሦስት ፈራሚ ኖሮት ሁለቱ ሳይፈርሙ ብር አይውጣ። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በዐረብ አገር ያሉ የሰፈር ልጆች የሚያዋጡት ገንዘብም በባንክ በቀጥታ ወደዚሁ ሒሳብ ይግባ፤ በአንድ ዘመድ ስልክ ወይም የግል ሒሳብ የሚያልፍ ብር ሰውየው ምንም ንጹሕ ቢሆን አንድ ቀን ሐሜት ያመጣል። ለላኪዎቹ በየወሩ መጨረሻ የሚላክላቸው የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ የሚል አንድ ገጽ ነው። ፎቶ ከፈለጉ የድስቱን፣ የመዝገቡን፣ የደረሰኙን አንሡ። የልጅ ፊት አይነሣ። ዛሬ አፉ ላይ ሽሮ ይዞ በፌስቡክ የወጣ ልጅ፣ ነገ ጎረምሳ ሲሆን ያው ሥዕል ይጠብቀዋል።

ዕድሩ በአባላቱ መካከል እስከሠራ ድረስ ያለው ምዝገባ ሊበቃው ይችላል፤ ለወረዳው አሳውቃችሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር የስምምነት ደብዳቤ ተለዋውጣችሁ ጀምሩ። ከሰፈር አልፋችሁ በስፋት ልትሠሩ፣ ከድርጅቶች ገንዘብ ልትቀበሉ ካሰባችሁ ግን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ አለባችሁ። አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከመጀመሪያው ቀን መዝገባችሁን በዚያ ልክ ብትይዙት በኋላ አትቸገሩም።

4. ቤቱ፣ ዕቃው፣ አብሳዮቹ

የዕድር አዳራሽ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሳህን አለ፣ ትልልቅ ድስት አለ። ነገር ግን በዕድሩ ድስት ላይ አትመኩ። ሰው በሞተ ማግስት ድስቱም ሳህኑም ለቅሶ ቤት ነው፣ አዳራሹም ሊያዝ ይችላል፤ 50 ልጅ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። የራሳችሁን ለይታችሁ ግዙ፣ ቀለም ቀቡበት፣ የራሱ ቁልፍ ይኑረው፦ ባለ 30 ሊትር ድስት 2፣ 60 የብረት ሳህን፣ 60 ኩባያ፣ 60 ማንኪያ፣ እኩል የሆኑ 2 ጭልፋዎች፣ ረጅም የእንጨት ማማሰያ፣ እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን ሚዛን፣ 4 ሳፋ። ትኩስ ምግብ በላስቲክ ሳህን አታቅርቡ። ለለቅሶ ቀን የሚሆን ሌላ ቦታም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የአንድ አባል በረንዳ ይበቃል።

ውሃ በቀን 120 ሊትር ያህል ይፈጃል፦ ለምግብ 12፣ ለመጠጥ 15፣ ለእጅ መታጠቢያ 25፣ የቀረው ለዕቃ። ይህ 6 ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቢያንስ ለ4 ቀን የሚበቃ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ያስፈልጋል። የሚጠጣው ውሃ ከቧንቧ ካልሆነ ወይም ቧንቧው ከደፈረሰ ይፍላ፤ አለዚያ እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ታክሞ 30 ደቂቃ ይቆይ።

ለእጅ መታጠቢያ ደረቅ ሳሙና አታስቀምጡ፤ ይጠፋል፣ ሲጠፋም የሚጠረጠረው ልጅ ነው። 1.5 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ 30 ግራም የዱቄት ሳሙና በጥብጡ፣ ክዳኑን በጋለ ምስማር ብሱት፣ በገመድ ከቧንቧው አጠገብ እሰሩት። ለአንድ እጅ ሁለት ጠብታ ይበቃል።

ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ምድጃው ከቤት ውጭ ወይም ሁለት በኩል ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይሁን። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል። ዝናብ መጣ ብሎ ምድጃውን ልጆቹ ወዳሉበት ማስገባት ፈጽሞ አይፈቀድ።

አብሳዮቹን ከልጆቹ እናቶች መካከል ምረጡ፤ ደመወዙ ራሱ አንድ ቤት ያቆማል። ሥራው ከሌሊቱ 11:00 ስለሚጀምር፣ ንፍሮ ሲሆን ደግሞ 10:00፣ ለማዕድ ቤቱ ቅርብ የሆነችዋ ትቅደም፤ ራቅ ያለችውን ዘበኛው ሄዶ ያምጣት። ከመቀጠራቸው በፊት ጤና ጣቢያ ይመርመሩ፣ በየ6 ወሩ ይደገም። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛት ሴት ከተሻላት በኋላም 2 ቀን ትረፍ፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ። ከተቆረጠ ደብቃ ትመጣለች። አብሳዮቹ እዚያው ይብሉ፣ ልጃቸውም ይብላ፤ ይህን በግልጽ ከፈቀዳችሁ ምግብ ተደብቆ አይወጣም።

5. ግዢና ጎተራ

እህል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ አዝመራ ገብቶ ሳለ ግዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚገዛ ሰው ለዚያው ኩንታል ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል። የተዘጋጀ ሽሮ ከገበያ አትግዙ። ጥሬውን ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ ገዝታችሁ አስለቅሙ፣ አስቆሉ፣ አስከኩ፣ ወፍጮ ቤት ቆማችሁ አስፈጩ። ምክንያቱ ጓያ ነው። ጓያ ከሌላው ጥሬ ስለሚረክስ ሽሮ ውስጥ ይደባለቃል፤ ዘወትር ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደ እግርም አይመለስም። በልጅና በጎረምሳ ላይ ይበረታል። ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ጥሬው ግን ጠርዘኛ ነው፣ እንደ ትንሽ መጥረቢያ ምላጭ ሾል ይላል፣ እንደ አተር አይንከባለልም። በለቀማ ጊዜ ለሚለቅሙት ሁሉ ናሙናውን አሳዩ። በርበሬም እንዲሁ ዛላውን ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ፤ የጡብ ዱቄት የሚቀላቅል አለ።

ኦቾሎኒ ስትገዙ አንድ እፍኝ ፈልፍላችሁ እዩ። የጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ያለበት ከሆነ ጆንያውን በሙሉ ተዉት። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ቢቆላም አይለቅም፣ ጉበት ይጎዳል።

ጆንያው በመሬት ላይ አይቀመጥ። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይደርደር። ለነቀዝ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ጥሩ ነው፤ አየሩን እየጨመቃችሁ አንዱን ድርብ ከሌላው ለይታችሁ እሰሩ። የነቀዝ ክኒን ልጅ ባለበት ግቢ አይግባ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

6. ሳምንቱን ማብሰል

ረቡዕና ዓርብ የጾም፣ ሥጋ በጭራሽ የሌለበት ዝርዝር ያዙ። ሥጋ ከሌለ የክርስቲያን ይሁን የእስላም የሚል ጥያቄ አይነሣም፣ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል።

ሰኞና ሐሙስ፣ ቅንጬ። ለ50 ልጅ 3.5 ኪሎ የስንዴ ቅንጬ፣ 10 ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ 75 ግራም ጨው፣ 750 ግራም የተቆላና የተሰለቀ ኦቾሎኒ። ውሃው ሳይንተከተክ ቅንጬው አይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ገንፎ ይሆናል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉት፣ አውርዱት፣ ከድናችሁ 10 ደቂቃ እረፍት ስጡት። ዘይት፣ ጨውና ኦቾሎኒ የሚገቡት ከወረደ በኋላ ነው። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ በክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ አዮዲኑ በእሳትና በፀሐይ ይተናል፣ መጨረሻ ላይ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። የገብስ ቅንጬ ከሆነ 10 ደቂቃና 1 ሊትር ውሃ ጨምሩ። ለአንድ ልጅ 250 ግራም ያህል ይደርሳል። መጀመሪያ ቀን በሚዛን ለኩና ስንት ጭልፋ እንደሆነ ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ጭልፋው አይለወጥ።

ማክሰኞ፣ ዳቦና እንቁላል። እያንዳንዱ ዳቦ 100 ግራም ይሁን። ዱቄት ሲወደድ ዳቦው ይቀንሳል እንጂ ዋጋው አይነካም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ 10 ዳቦ መዝኑ፣ አንድ ኪሎ መሙላት አለበት። እንቁላሉን ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ቀቅሉት፣ አስቀድሞ የተሰነጠቀውን አውጡ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በእንቁላሉ ፋንታ 2 ኪሎ ምስር ክክ ወፍራም አድርጋችሁ ሠርታችሁ ዳቦው ላይ ቀቡ። ለጾሙ ልጆች ሌላ፣ ለማይጾሙት ሌላ ሳህን ማቅረብ ደግ ይመስላል፤ ግን ማዕዱን ለሁለት ይከፍለዋልና አንመክረውም።

ረቡዕ፣ የሽሮ ፍርፍር። 25 እንጀራ፣ 1.25 ኪሎ ሽሮ፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 አራተኛ ሊትር ዘይት፣ 100 ግራም በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ 5 ሊትር ውሃ። ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ ዘይትና በርበሬ፣ ከዚያ 4 ሊትር ውሃ ይግባ። ሽሮውን በቀሪው 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡትና ሲፈላ እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ ደረቁን የበተነ ሰው ይጓጉልበታል። በቀስታ እሳት 30 ደቂቃ፣ ማማሰያው የድስቱን ቂጥ እየነካ። ሥሩ ካረረ አታማስሉት፣ ላይኛውን ወደ ሌላው ድስት ገልብጡት። እንጀራው የሚፈረፈረው ልጆቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይላቁጣል፣ ልጆችም ይተዉታል። ካሮት ሲገኝ 2 ኪሎ ፍቃችሁ ከሽንኩርቱ ጋር አብስሉ። ድርቆሽ መጠቀም ይቻላል፤ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን ግን ነጥቡን ቆርሶ ሌላውን ማብላት አይሆንም፣ ሙሉውን ጣሉት።

ዓርብ፣ ንፍሮ። 2.5 ኪሎ ስንዴና 1.5 ኪሎ ሽንብራ ሐሙስ ማታ ለየብቻ ይዘፈዘፍ፣ ጠዋት ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ይጣድ። ከተዘፈዘፈ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ካልተዘፈዘፈ ሦስት ሰዓትም አይበቃውም፣ ማገዶውም እጥፍ ይሆናል። ማታ ቀቅሎ ማሳደር አይቻልም፤ ያደረ ንፍሮ ይዝለገለጋል፣ ሆድ ያማል። ከንፍሮው ጋር ለእያንዳንዱ ግማሽ ብርቱካን ስጡ፤ ብርቱካኑ ሰውነት ከጥራጥሬው ብረቱን እንዲወስድ ይረዳዋል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ከቁርሱ ጋር አታቅርቡ፣ እናቶችም ቢጠይቁ ምክንያቱን አስረዷቸው።

የማንኛውም ቀን ምግብ ከድስት ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ይበላ። የተረፈ ትኩስ ምግብ ለነገ አይቀመጥም።

7. ጠዋቱ በሰዓት

ምግቡ 12:45 ላይ ይድረስ። ልጆች ከ12:30 ጀምሮ ይገባሉ፣ ያጠናሉ፤ 1:00 ላይ እጅ ይታጠባሉ፣ 1:10 ይቀርባል፣ 1:40 ወጥተው 2:00 ሰዓት ደወል ላይ ክፍላቸው ይሆናሉ። ከዚህ 15 ደቂቃ ከዘገያችሁ ልጁ ከምግብና ከበር መዘጋት አንዱን ይመርጣል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ማገዶና 50 ዳቦ የሚያቀርብ፣ ቀድማችሁ የተስማማችሁት ዳቦ ቤት ይኑራችሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ነገር ታያላችሁ። ማክሰኞ ዕለት አንዱ ልጅ እንቁላሉን ይበላል፣ ዳቦውን ለሁለት ይቆርሳል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ግማሹን በደብተሩ መካከል አድርጎ ቦርሳው ውስጥ ይሸሽጋል። ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የምትጠብቀው ታናሽ አለች። አትቆጡት፣ «እዚሁ ጨርስ» አትበሉት። አብሳይዋ ለብቻው ጠርታ «ማሙሽ፣ ቤት ስንት ናችሁ?» ትበለው። በማግስቱ ቤቱ ይጎብኝ፤ ታናሿ ትምህርት ቤት ባትደርስም ከወንድሟ ጋር ትምጣ፣ ወይም ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ዳቦ ተጠቅልሎ ይሰጠው። ለዚህ ከ50ው በላይ የ5 ልጅ መጠባበቂያ ሁልጊዜ አብስሉ፣ ማለትም አንድ አሥረኛ ጨምሩ። ወጥና ቅንጬ ግን ወደ ቤት አይሂድ፤ በመንገድ ይበላሻል።

ልጆቹ ባሉበት ሰዓት ሁሉ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ። ማንም በጎ ፈቃደኛ ልጅን ብቻውን ወደ ቤቱ አይውሰድ፣ ምክንያቱ ልብስ መስጠትም ቢሆን። ይህ ሕግ ለዕድሩ ሊቀመንበርም ይሠራል። ልጅ ላይ ጥቃት መድረሱ ከተሰማ በሽምግልና አይያዝ፤ በዚያው ቀን ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይነገር።

8. መዝገብ

ሦስት ሥራ ለሦስት ሰው፦ አንዱ ይገዛል፣ አንዷ ግምጃ ቤት ትይዛለች፣ አንዱ ይመዘግባል። በየዓርቡ ሦስቱ ተቀምጠው 20 ደቂቃ ያስተያዩ። ለምሳሌ በዚህ ሳምንት በሁለቱ የቅንጬ ቀናት 46፣ 46 ልጅ ቢመጣ፣ 46 በ2 በ70 ግራም ሲባዛ 6.4 ኪሎ ነው፤ መጠባበቂያው ሲታከል 7 ኪሎ። ከግምጃ ቤት 9 ኪሎ ከወጣ ሁለቱ ኪሎ የት እንደገባ በዚያው ቀን ይጠየቅ። ከወር በኋላ ከተጠየቀ ጠብ ነው የሚሆነው።

ለልጆቹ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ መዝጋቢው በዓይኑ ያይና በስማቸው ፊት ምልክት ያድርግ። ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ቤቱ ይጠየቅ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ታሟል፣ ቤተሰቡ በኪራይ ምክንያት ሰፈር ለቋል፣ ወይም ሊስትሮ፣ ቆሎ መሸጥ፣ ሰው ቤት መቀጠር ጀምሯል። ለሦስተኛው ቁጣ አይረዳም። ልጁ በቀን የሚያመጣው ስንት እንደሆነ እናቲቱን ጠይቁ፤ ከዚያ ወይ የአብሳይነቱን ተራ ስጧት፣ ወይ ከወረዳው ጋር ተነጋግራችሁ በሴፍቲኔት እንድትታቀፍ አመልክቱላት።

9. ክረምትና የእጥረት ጊዜ

ሐምሌና ነሐሴ ድስቱ ይታጠባል፣ ረሃቡ ግን አይዘጋም። አዳራሹን ከፍቶ ማብሰል ካልተቻለ ለእያንዳንዱ ቤት በወር 5 ኪሎ ቅንጬ፣ 2 ኪሎ ሽሮና 1 ሊትር ዘይት በእናቶች ስም ይሰጥ። በአንድ ቀን ሰልፍ አይታደል፤ ሁለት ሰው ማታ ማታ በየቤቱ ያድርስ።

ገንዘብ ማነስ ሲጀምር ልጆችን አትቀንሱ። «የባሰበት ብቻ ይብላ» ተብሎ 50ው 30 ሲሆን የተቀነሱት 20 ልጆች ምን እንዳጠፉ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያ ኦቾሎኒውን በሽንብራ ቆሎ ተኩ፣ ቀጥሎ እንቁላሉን በምስር፣ ቀጥሎ ማክሰኞን ወደ ቅንጬ ለውጡ። ይህም ካልበቃ ከአምስቱ ቀን አንዱን ዝጉ፣ የሚዘጋውም ዓርብ ይሁን፤ ሰኞ አይሁን፣ ቅዳሜና እሑድን በትንሽ ምግብ ያሳለፈ ልጅ ሰኞ ነውና የሚደክመው። መዝጋት ግድ ከሆነ ጎተራው ውስጥ የ20 ቀን እህል እያለ ለወላጆች በአካል ንገሩ፣ ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉ፣ የተረፈውን እህል ለየቤቱ እኩል አካፍሉ፣ ዕቃውን ታጥቦ ተቆጥሮ በዕድሩ ግምጃ ቤት አስቀምጡት።